ያውቁ ኖሯል? የወንዶች መጽሔት የቋጠረው ስንቅ

የወንዶችን የአኗኗርና የጀብዱ መጽሔት በሽፋኑ ብቻ የሚያውቀው ሰው «ሰዓት፣ ጫማ፣ መኪናና ጡንቻ» ብሎ ያልፈዋል። ገልጦ ያነበበው ግን ሌላ ነገር ያገኛል፦ ተለፍቶበት የተጻፈ ረጅም ታሪክ፣ እጅን የሚያፍታታ ሙያ፣ ስለ ገዛ አካሉ ግልጽ ምክር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወጥቶ በሰላም የመመለስ ጥበብ። የዛሬው ዓምዳችን ይህን ስንቅ አንድ በአንድ እያወጣ ያሳያል። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጋዘንና መስተዋት

◆ እንግሊዞች «ማጋዚን» የሚሉት ቃልና እኛ «መጋዘን» የምንለው ቃል የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? ሁለቱም የመጡት «ማከማቻ» ማለት ከሆነ የዐረብኛ ቃል ነው። ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ የለንደን አታሚ በ1731 «ዘ ጀንትልማንስ ማጋዚን» የተሰኘ ሕትመት ሲጀምር፣ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ጽሑፍ የሚከማችበት ቤት ለማለት ቃሉን ተዋሰው። «ማጋዚን» የሚለው ስም ለወቅታዊ ሕትመት ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ስሙ እንደሚናገረውም የታሰበው ለወንዶች ነበር።

◆ የእኛ «መጽሔት» ደግሞ በግዕዝ «መስተዋት» ማለት ነው። ጥሩ የወንዶች መጽሔት ሁለቱንም ስሞች ይሸከማል። አንባቢው ራሱን ያይበታል፤ ለመንገዱ የሚሆነውንም ከውስጡ ያወጣል።

ርካሽ ወረቀት፣ የማይረሳ ታሪክ

◆ የጀብዱ መጽሔቶች አባት የሚባለው «አርጎሲ» ሲጀመር የልጆች መጽሔት ነበር። ፍራንክ መንሲ በ1882 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲመሠርተው ስሙ «ዘ ጎልደን አርጎሲ» ይባል ነበር። በ1896 መጽሔቱን ሙሉ በሙሉ ለልብ ወለድ ሰጠው፤ ከእንጨት በተሠራ በጣም ርካሽ ወረቀት ላይም አተመው። ደሞዙ ትንሽ የሆነ ሠራተኛ ሁሉ ገዝቶ የሚያነበው የጀብዱ ታሪክ የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው።

◆ ታርዛን ለዓለም የተዋወቀው በመጽሔት ገጽ ላይ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ኤድጋር ራይስ ባሮውስ ታሪኩን ለ«ኦል ስቶሪ» በ700 ዶላር ሸጠው፤ መጽሔቱም በጥቅምት 1912 እትሙ አወጣው። መጽሐፍና ፊልም የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

◆ በ1910 የተጀመረው «አድቬንቸር» የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለአንባቢዎቹ መታወቂያ ካርድ ያድል ነበር። ካርዱን ልብ ብለው ይዩት፦ ቁጥር አለው፤ በብዙ ቋንቋዎች የታተመ አጭር መልእክትም አለው። የመልእክቱ ፍሬ ነገር «የዚህ ካርድ ባለቤት ሞቶ ወይም ከባድ አደጋ ደርሶበት ካገኛችሁት፣ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ለመጽሔቱ ቢሮ ጻፉ፤ ወዳጆቹ ይነገራቸዋል» የሚል ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ፣ ለማን መንገር እንደሚገባ የሚያውቀው የኒው ዮርኩ ቢሮ ነበር። ያኔ ስልክ በኪስ አይያዝም። ከቤተሰቡ ተለይቶ በማያውቀው አገር ለሚንከራተት ሰው ያቺ ቁራጭ ወረቀት «የሚፈልገኝ ሰው አለ» ማለት ነበረች። አንድ መጽሔት ለአንባቢው ከዚህ የበለጠ ምን ሊሰጥ እንደሚችል እኔ አላውቅም።

◆ ያው መጽሔት «አድቬንቸርን ጠይቁ» የሚል ዓምድም ነበረው። አንባቢ ስለ አንድ አገር የአየር ጠባይ፣ ስለ ጀልባ ወይም ስለ መሣሪያ ጥያቄ ይልካል፤ ነገሩን በሥራው የሚያውቀው ሰው ይመልስለታል። ተለያይተው የተጠፋፉ ወዳጆች የሚፈላለጉበት ገጽም ነበረው።

◆ «ፖፑላር ሜካኒክስ» በ1902 ቺካጎ ውስጥ ሲጀመር ዓላማው አንድ ነበር፦ ማሽንና ሳይንስን ማንም ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት። ወንበር ከመጠገን እስከ ሞተር መፍታት ያለውን ሙያ ብዙዎች ከገጾቹ ተምረዋል።

ኤስኳየርና ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ

◆ «ኤስኳየር» በ1933 መጸው የወጣው አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ ሳለች ነው። ዋጋው 50 ሳንቲም ነበር፤ ለዘመኑ ውድ ነው። አዘጋጆቹ ይሸጥልናል ብለው የተማመኑት በወንዶች ልብስ መደብሮች ነበር። ነገር ግን ለጋዜጣ አዟሪዎች የደረሰው ጥቂት ቅጂ ወዲያው አለቀና ለመደብሮቹ ከተላከው ላይ ተመልሶ እየተሰበሰበ ወደ ጎዳና ወጣ። ሥራ የጠፋበት ዘመን ሰው ለንባብ 50 ሳንቲም አልሰሰተም።

◆ በዚያ የመጀመሪያ እትም ላይ ስለ ኩባ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ የጻፈው ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ ነበር። በተከታዩ ዓመት «ፒላር» የተባለችውን ጀልባውን ሲያሠራ ገንዘብ አጠረው። ክፍተቱን የሞላለት የኤስኳየር አዘጋጅ አርኖልድ ጊንግሪች ነው፤ ወደፊት ለሚጻፉ ጽሑፎች የሚታሰብ ቀብድ ሰጠው። ዕዳው የተከፈለው በጽሑፍ ነው።

◆ የሄሚንግዌይና የኤስኳየር ወዳጅነት ምን እንዳስገኘ ያውቁ ኖሯል? ሄሚንግዌይ በሚያዝያ 1936 በኤስኳየር ስለ ባሕር ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ አንድ አጭር ወሬ አለ፦ አንድ ኩባዊ ሽማግሌ ብቻውን በታንኳ ወጥቶ ግዙፍ ዓሣ ያጠምዳል፤ ዓሣው ርቆ ይጎትተዋል፤ በመጨረሻም ሻርኮች ይበሉበታል። ወሬው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ከ16 ዓመት በኋላ ያ ወሬ «ሽማግሌውና ባሕሩ» የተሰኘ ድርሰት ሆነ። «ላይፍ» መጽሔት በመስከረም 1 ቀን 1952 እትሙ ድርሰቱን ሙሉውን ሲያወጣው በሁለት ቀን ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ1953 የፑሊትዘር ሽልማት፣ በ1954 ደግሞ ለደራሲው የኖቤል ሽልማት ተከተለ። ዘሩ የተዘራው በወንዶች መጽሔት የዓሣ ማጥመጃ ገጽ ላይ ነበር።

◆ «የኪሊማንጃሮ በረዶዎች» የተሰኘው አጭር ልብ ወለዱም መጀመሪያ የታተመው በዚያው በኤስኳየር፣ በነሐሴ 1936 ነው። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው የአፍሪካ አናት ነው፤ ታሪኩ ግን የሚተርከው በረሃ ላይ ቆስሎ ያልጻፈውን ሁሉ እያስታወሰ ስለሚሞት ጸሐፊ ነው። የጀብዱ መጽሔት የወንድን ጸጸት ለማውጣት አላፈረም።

◆ በሚያዝያ 1966 ኤስኳየር ስለ ዘፋኙ ፍራንክ ሲናትራ ያወጣው የጌይ ታሊዝ ጽሑፍ እስከ ዛሬ በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ሲናትራ ግን ለቃለ መጠይቅ ፈቃደኛ አልነበረም። ታሊዝ ዙሪያውን የከበቡትን ሰዎች እያነጋገረ፣ ሰውየውን ከሩቅ እያስተዋለ ጻፈው።

◆ «ጂ ኪው» በ1931 ሲጀመር ለልብስ ነጋዴዎች የሚላክ የሙያ መጽሔት ነበር፤ ስሙም «አፓረል አርትስ» ይባል ነበር። ገበያተኞች ከመደብሩ ይዘውት መሄድ ጀመሩ። በ1957 «ጀንትልመንስ ኳርተርሊ» ተብሎ ለአንባቢ ቀረበ፤ የዛሬው ስሙ የዚያ አጭር መጠሪያ ነው።

በእጅና በእግር ያለው ዕቃ

◆ የእጅ ሰዓት ለረጅም ጊዜ የሴት ጌጥ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ወንዱ ሰዓቱን የሚይዘው በኪሱ ነበር። ብራዚላዊው አብራሪ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞንት ሁለት እጁ በመሪው ላይ ሳለ ከኪሱ ሰዓት ማውጣት እንደከበደው ለወዳጁ ለሉዊ ካርቲዬ ነገረው። ካርቲዬ በ1904 በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ሰዓት ሠራለት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሩ ሁሉ ያስፈልገው ጀመርና ሰዓት ከኪስ ወደ እጅ ወጣ።

◆ የስዊስ ቢላዋ ስም ውስጥ የእናት ስም እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ካርል ኤልስነር በ1884 የቢላዋ መሥሪያ ከፈተ፤ በ1891 ለስዊስ ጦር የወታደር ቢላዋ ማቅረብ ጀመረ፤ በ1897 ደግሞ ብዙ መሣሪያ በአንድ እጀታ የያዘውን የመኮንኖች ቢላዋ አስመዘገበ። እናቱ በ1909 ስታርፍ የድርጅቱን ስም በእርሷ ስም «ቪክቶሪያ» አለው። በኋላ የማይዝገው ብረት ሲመጣ የብረቱ መጠሪያ «ኢኖክስ» ተጨመረና «ቪክቶሪኖክስ» ሆነ።

◆ የተራራ ጫማ ጎማ ሶል የተወለደው ከሐዘን ነው። በ1935 በጣሊያን አልፕስ ስድስት ተራራ ወጪዎች ሞቱ፤ የጊዜው ጫማ በረዶና ውርጭን የሚችል አልነበረም። የጉዞ ጓደኛቸው ቪታሌ ብራማኒ ዓለት የሚቆነጥጥና ብርድ የሚከላከል የጎማ ሶል መሥራት ጀመረ፤ በ1937ም ለገበያ አቀረበው። «ቪብራም» የሚለው ስም ከስሙና ከቤተሰብ ስሙ መጀመሪያ የተገጠመ ነው። በ1954 ጣሊያኖች የዓለምን ሁለተኛ ከፍተኛ ተራራ ኬ2ን ሲወጡ ያ ሶል በእግራቸው ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ የጫማዎን ታች ሲገለብጡ እነዚያን ስድስት ሰዎች ያስቡ።

◆ «ካኪ» በፋርስና በኡርዱ «አቧራማ» ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሕንድ የነበረ የእንግሊዝ ጦር ከመሬቱ ጋር የሚመሳሰል ልብስ ሲሻ ቀለሙን ያዘ። ስሙ እኛም ዘንድ ሳይለወጥ ገብቷል።

◆ ጂንስ ሱሪ ላይ ያሉት ትናንሽ የመዳብ ጉጦች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። ጄኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊ የሠራተኞች ኪስ ቶሎ እየተቀደደ ቢያስቸግረው ማዕዘኖቹን በጉጥ አጠበቃቸው፤ ከጨርቅ ነጋዴው ሊቫይ ስትራውስ ጋር ሆኖም ግንቦት 20 ቀን 1873 የፈጠራ መብቱን አገኘ።

ስለ ገዛ አካል

◆ «ሜንስ ኸልዝ» የተሰኘው የወንዶች ጤና መጽሔት ሥሩ እርሻ ነው። የመሠረተው የሮዴል ድርጅት በ1942 ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ስለ ማረስ የሚያስተምር መጽሔት ጀመረ፤ በ1950 ስለ በሽታ መከላከል የሚጽፍ ሌላ አከለ፤ በ1986 ደግሞ የወንዶቹን። ከአፈር ወደ ምግብ፣ ከምግብ ወደ አካል መሄዱ ነው። ወንድ ልጅ ሕመሙን ደብቆ በሚኖርበት ዓለም ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ጭንቀትና ስለ ፕሮስቴት በግልጽ የሚጽፍ ገጽ ሕይወት ያድናል።

◆ «ራነርስ ወርልድ» የተባለውን የሩጫ መጽሔት የጀመረው ቦብ አንደርሰን የተባለ የካንሳስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ዘመኑ 1966፣ ካፒታሉ 100 ዶላር ነበር። ስለ ማራቶን ልምምድ ማንበብ ፈልጎ የሚያነበው ቢያጣ ራሱ ማዘጋጀት ጀመረ።

◆ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ አጥቶ አልነበረም፤ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቶ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሁለት ወር ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ፤ ያን ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር። ልብ ይበሉ፦ ሮም ላይ ያልተስማማውን አወለቀ፤ ቶኪዮ ላይ የተስማማውን አደረገ። ስለ ጫማ ከዚህ የተሻለ ምክር የለም።

ሕይወት የሚያተርፍ እውቀት

◆ ከቤት ውጭ የሚውል ሰው ሊይዘው የሚገባው «የሦስት ሕግ» ይባላል። ያለ አየር 3 ደቂቃ፣ በብርቱ ብርድ ያለ መጠለያ 3 ሰዓት፣ ያለ ውኃ 3 ቀን፣ ያለ ምግብ 3 ሳምንት። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። መንገድ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ረሀቡ ነው፤ ቀድሞ የሚጎዳው ግን ብርድና ጥም ነው።

◆ የውጭ መጽሔቶች ደጋግመው የሚያስተምሩት ዘዴ አለ፦ የሰዓትዎን አጭር ዘንግ ወደ ፀሐይ ያዙሩ፤ በዘንጉና በ12 ቁጥር መካከል ያለው አጋማሽ ደቡብን ያሳያል። ይህ ዘዴ እኛ አገር ሊያሳስት እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? አንደኛ፣ ሰዓትዎ በሀገራችን አቆጣጠር ከተሞላ እኩለ ቀን ላይ የሚያሳየው 6 ነው፤ አቅጣጫውም በሩብ ዙር ይስታል። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በስተሰሜን ነው። ስለዚህ በአገራችን ፀሐይ መውጫና መግቢያን ይመኑ፤ ኮምፓስ ካለ ደግሞ እርሱን።

◆ አንድ ቋጠሮ ብቻ የሚማሩ ከሆነ ይህን ይማሩ። ገመዱ መሃል ላይ ትንሽ ቀለበት ይሥሩ፤ ወደ ጫፉ የሚሄደው ወገን ከላይ ይረፍ። ጫፉን በግንዱ ወይም በሰው ወገብ ዙሪያ አዙረው ሲመለሱ ከቀለበቱ ሥር ወደ ላይ ያውጡት። በዋናው ገመድ ጀርባ ያዙሩትና በወጣበት ቀለበት መልሰው ወደ ታች ይስደዱት። አሁን አጥብቀው ይሳቡ። ማነቆው እየጠበቀ ሰውን አያንቅም፤ ክብደት ከተሸከመ በኋላም በጣት ይፈታል። መርከበኞችና አዳኞች ሲያምኑት የኖረው ለዚህ ነው። አሥር ጊዜ ቢደጋግሙት እጅዎ ዓይንዎን ሳይጠይቅ ያስረዋል።

◆ እባብ የነደፈውን ቦታ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥና በገመድ አጥብቆ ማሰር እንደማይጠቅም፣ ይልቁንም እንደሚጎዳ ያውቁ ኖሯል? የተነደፈውን ሰው አረጋግተው ያስቀምጡት፤ ቀለበትና ሰዓቱን ያውልቁ፤ የተነደፈው አካል እንዳይንቀሳቀስ አድርገው በፍጥነት ሐኪም ቤት ያድርሱት።

◆ ከፍታ ለጎበዝም አያዳላም። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ የሚያድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ የተራራ ሐኪሞች ምክር ነው። ይህን ምክር አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ሰሜን ተራሮች ላይ ነው። ከደባርቅ በመኪና ጨነቅ ገብተን አደርንና በማግስቱ ወደ ቧሂት ጫፍ ተነሣን፤ ከ4,400 ሜትር በላይ ነው። ራሴን እየወቀረኝ ነበር፤ ለጓደኞቼ ግን አልተናገርኩም። ከፊት ይሄድ የነበረው የፓርኩ ጠባቂ ቆመ፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ዓለት ላይ አስደገፈና ፊቴን አየ። «ወንድሜ፣ ከንፈርህ ጠቁሯል። እንውረድ» አለኝ። ጫፉ ከፊታችን ይታይ ነበር። «ትንሽ ነው የቀረው» አልኩት። እርሱ ግን የእኔን ቦርሳ አንሥቶ ወደ ታች መንገድ ጀምሯል። ጨነቅ ስንደርስ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ያ ሰው መጽሔቶቹ በብዙ ገጽ የሚያስተምሩትን በአራት ቃል ነው የጨረሰው።

ወደ እኛ የመጡ ተጓዦች

◆ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» በሰኔ 1931 እትሙ ሰፊ ገጽ የሰጠው ለኢትዮጵያ ነበር። በኅዳር 1930 የተፈጸመውን የአፄ ኃይለ ሥላሴን ንግሥ በዓል በጽሑፍና በፎቶግራፍ ለዓለም አሳየ።

◆ የአረቢያን ባዶ በረሃ በግመል በማቋረጡ ዝነኛ የሆነው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ በ1910፣ አባቱ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሳሉ። በንግሥ በዓሉ ላይ ተገኝቷል። በ1933 መጨረሻ፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ አዋሽን ተከትሎ ወደ አፋር ወረደ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚቀር ለውጭው ዓለም ገና በውል አልታወቀም ነበር። በ1934 ወንዙ አቤ ሐይቅ ውስጥ እንደሚያልቅ አይቶ ጻፈ። መንገዱን ያሳዩት ግን አፋሮቹ ናቸው፤ እነርሱ ወንዛቸው የት እንደሚያድር ጥንትም ያውቁታል።

◆ በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ቡድን በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ዓባይን ወረደ። ፏፏቴው፣ አዞውና የሽፍታ ጥይት ሁሉ ገጥሟቸዋል፤ አንድ የቡድኑ አባልም ውኃ ወስዶታል። ዓባይን ከምንጩ አካባቢ ተነሥቶ እስከ ሜዲትራኒያን በጀልባ ለመጨረስ ግን እስከ 2004 መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን 114 ቀን ፈጅቶባቸው ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቀዘፉ።

◆ ዳሎል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በ1960ዎቹ በተደረገ ልኬት ዓመታዊ አማካይ ሙቀቷ ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሰው ከኖረባቸው ሥፍራዎች ይህን የሚያህል የለም። የጀብዱ መጽሔቶች «የምድር ሌላ ገጽታ» እያሉ ፎቶዋን ያወጣሉ። የአፋር ጨው ቆራጮች ግን ማለዳ ወጥተው አሞሌውን በመጥረቢያ ጠርበው በግመል ጭነው ይመለሳሉ፤ ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ነው።

የመመለስ ጥበብ

◆ «አውትሳይድ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1996 ጆን ክራካወርን ወደ ኤቨረስት የላከው ገንዘብ ከፍለው በመሪ ስለሚወጡ ሰዎች እንዲጽፍ ነበር። ግንቦት 10 ቀን የተነሣው ማዕበል ግን ስምንት ሰው ገደለ። ክራካወር ተርፎ ጻፈ፤ ጽሑፉ በመስከረም እትም ወጣ፤ በኋላም መጽሐፍ ሆነ። ከታሪኩ አንድ ነገር ይያዙ፦ ቢዘገይ ቢዘገይ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጫፍ ያልደረሰ ይመለስ ተብሎ ነበር። እስከ 10 ሰዓት ድረስ ወደ ላይ ይወጡ የነበሩ አሉ። የመመለሻ ሰዓት የሚቆረጠው ታች ሆኖ፣ አእምሮ ሳይደክም ነው፤ ላይ ከተደረሰ በኋላ ግን ፍላጎት ዳኛ ይሆናል።

◆ ያው መጽሔት በጥር 1993 ስለ ክሪስ ማካንድለስ ጽፏል። ወጣቱ በ1992 አላስካ ጫካ ውስጥ በተተወ አውቶቡስ ሲኖር ቆይቶ ሊመለስ ሲል ወንዙ ሞልቶ አገኘውና ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ፤ እዚያም በረሀብ ሞተ። ከቆመበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ወንዙን የሚያሻግር በእጅ የሚጎተት የሽቦ ገመድ ነበር። ያን የሚያሳይ ካርታ በእጁ አልነበረም። አንድ ወረቀት ነው የጎደለው።

◆ አሮን ራልስተን በ2003 ዩታ ውስጥ በሚገኝ ገደላማ ሸለቆ ሲጓዝ ትልቅ ድንጋይ ቀኝ እጁን ዓለት ላይ ቆነጠጠው። ከአምስት ቀን በላይ ከቆየ በኋላ እጁን ራሱ ቆርጦ ወጣ። ጥንካሬው ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ወዴት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ፈላጊዎቹም ከየት እንደሚጀምሩ አላወቁም።

◆ የሻክልተንን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። አየርላንድ የተወለደው የዋልታ አሳሽ ኧርነስት ሻክልተን «ለአደገኛ ጉዞ ወንዶች ይፈለጋሉ» የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ አውጥቷል ይባላል፤ ብዙዎች ፈልገው ዋናውን ሕትመት ያገኘ የለም። በእርግጥ የሆነው ከማስታወቂያው ይበልጣል። በ1915 መርከቡ «እንዱራንስ» በአንታርክቲካ በረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች። ከአምስት ሰዎች ጋር 7 ሜትር ገደማ በምትረዝም ጀልባ 800 ማይል ገደማ ባሕር አቋርጦ እርዳታ ጠራ፤ ሦስት ሙከራ ቢከሽፍበትም በአራተኛው፣ ነሐሴ 30 ቀን 1916፣ የቀሩትን 22 ሰዎች አወጣ። በመርከቧ ከነበሩት 28 ሰዎች አንድም አልሞተም። መርከቧ ራሷ በ2022 በ3,008 ሜትር ጥልቀት ተገኘች።

◆ ከዚያ በፊት ምን እንዳደረገስ ያውቁ ኖሯል? በጥር 1909 ደቡብ ዋልታ ለመድረስ 180 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲቀረው ቆመ። ማንም ሰው ዋልታውን ገና አልረገጠም ነበር፤ ስሙ ለዘላለም ሊጻፍ ነው። ስንቁን ቆጠረ፤ ለመድረስ ይበቃል፤ ለመመለስ ግን አይበቃም። ተመለሰ። አብረውት የነበሩት ሦስቱም ሰዎች አገራቸው ገቡ። ከሰባት ዓመት በኋላ 27 ሰው በእርሱ እጅ ሕይወቱን ያመነው፣ ስንቁን ቆጥሮ የሚመለስ ሰው ስለነበረ ነው።

◆ እንግዲህ ከዚህ መጋዘን ዛሬ አንድ ነገር ይውሰዱ። የዚያን የ«አድቬንቸር» ካርድ ያስታውሱ። እንጦጦ ለመውጣትም ይሁን ረጅም መንገድ ለመንዳት ሲነሡ ትንሽ ወረቀት ይቁረጡና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የት እንደሚሄዱ፣ በየት በኩል፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ። ወረቀቱን ለባለቤትዎ፣ ለእናትዎ ወይም ለጎረቤትዎ ይስጡ። ከዚያ በልበ ሙሉነት ይውጡ፤ የሚጠብቅዎ ሰው ሰዓቱን ያውቀዋል።